የኒውትሮፊል ማነስና ዳፊ ግላይኮፕሮቲን፦ በሽታ ነው ወይስ ተፈጥሮ?

ምንም ሳያምዎ፣ ለሌላ ጉዳይ ደም ሰጥተው ውጤቱን ሲቀበሉ «ነጭ የደም ሕዋስዎ ዝቅ ብሏል» ተብለው ይሆናል። ምርመራው ተደገመ፤ አሁንም ዝቅተኛ ሆነ። ኤች አይ ቪ ታየ፣ የጉበት ቫይረስ ታየ፤ ምንም አልተገኘም። አንዳንዱ ሰው በዚህ ሁኔታ ለዓመታት ይመላለሳል። አንዳንዱ ደግሞ ከዳሌ አጥንቱ የመቅኔ ናሙና እስከ መስጠት ይደርሳል፤ የናሙናውም ውጤት ጤናማ ይሆናል።

ከኢትዮጵያ፣ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች፣ ከየመንና ከአንዳንድ የዓረብ አገሮች የዘር ሐረጋቸው በሚመዘዝ ብዙ ሰዎች ላይ የዚህ ቁጥር ማነስ መነሻው በሽታ አይደለም። በቀይ የደም ሕዋሳቸው ላይ ዳፊ የሚባለው ግላይኮፕሮቲን ስለሌለ ነው። ይህን አስቀድሞ ማወቅ ከአላስፈላጊ ምርመራና ጭንቀት ያድናል፤ ከዚያም በላይ የሚያስፈልግዎ መድኃኒት ያለ በቂ ምክንያት እንዳይቋረጥብዎ ይረዳል።

ግላይኮፕሮቲን ምንድን ነው?

ሰውነታችን ፕሮቲኖችን የሚሠራው በዘረመል (ጂን) ላይ በተጻፈ መመሪያ መሠረት ነው። ብዙዎቹ ፕሮቲኖች ከተሠሩ በኋላ ሕዋሱ የስኳር ሰንሰለት ይጨምርባቸዋል። የስኳር ሰንሰለት የተያያዘበት ፕሮቲን ግላይኮፕሮቲን ይባላል። በሕዋስ ገጽ ላይ የሚገኙ አብዛኞቹ ፕሮቲኖች ከዚህ ወገን ናቸው። ሕዋሶች እርስ በርስ የሚተዋወቁትና መልእክት የሚቀባበሉት በእነሱ አማካይነት ነው። ቫይረሶችና ሌሎች ተውሳኮችም ብዙ ጊዜ ወደ ሕዋስ የሚገቡት እነዚህኑ እንደ በር ተጠቅመው ነው።

እዚህ ላይ «ስኳር» የሚለው ቃል እንዳያሳስትዎ። በሻይ ውስጥ ከሚጨምሩት ስኳር ወይም ከስኳር በሽታ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፤ ጣፋጭ በመተው ወይም በመብላት የሚለወጥ አይደለም። የስኳር ሕሙማን የሚያውቁት «የሦስት ወር የስኳር ምርመራም» ሌላ ነገር ነው። እሱ የሚለካው በደም ውስጥ የበዛ ስኳር በራሱ ጊዜ ሄሞግሎቢን ላይ ምን ያህል እንደተጣበቀ ነው። በግላይኮፕሮቲን ላይ ያለውን ስኳር ግን ሕዋሱ ራሱ፣ በታወቀ ቦታ ላይ፣ ሆን ብሎ ያስቀምጠዋል።

ግላይኮፕሮቲን በሚሠራ ዘረመል ላይ ለውጥ ሲኖር የሚከተለው ነገር እንደ ፕሮቲኑ ሥራ ይለያያል። የቮን ዊለብራንድ ፋክተር ሲጎድል ደም በቀላሉ አይቆምም፤ ነስርና የወር አበባ መብዛት ይከተላል። አልፋ-1 አንቲትሪፕሲን የሚባለው ሲበላሽ ሳንባና ጉበት ይጎዳሉ። እነዚህ በሽታዎች ናቸው። የዳፊ ጉዳይ ግን ከዚህ ይለያል፤ ለውጡ አለ፣ በደም ምርመራም ይታያል፣ ነገር ግን ሰውየው ጤነኛ ነው።

ዳፊ ምን ይሠራል?

የደም ዓይነት ሲባል አብዛኞቻችን የምናውቀው ኤ፣ ቢ፣ ኤቢና ኦ፣ እንዲሁም ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ የሚሉትን ነው። ከእነዚህ ሌላ ብዙ የደም ዓይነት ክፍፍሎች አሉ፤ ዳፊ አንዱ ነው። ስሙ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1950 በእንግሊዝ አገር ከታወቀ የሄሞፊሊያ ታካሚ የቤተሰብ ስም ነው። ታካሚው በተደጋጋሚ ደም ሲወስድ ቆይቶ፣ ሰውነቱ እስከዚያ ጊዜ ባልታወቀ አንድ የደም ምልክት ላይ ፀረ እንግዳ አካል አዘጋጅቶ ተገኘ። ምልክቱ በኋላ ዳፊ ተባለ።

የዳፊን ግላይኮፕሮቲን የሚሠራው ዘረመል ኤሲኬአር1 ይባላል፤ በቀድሞ ጽሑፎች ውስጥ «ዳርክ» ተብሎም ይገኛል። ቦታው በክሮሞዞም 1 ላይ ነው። ፕሮቲኑ በቀይ የደም ሕዋስና በትናንሽ የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ተሰክቶ ይቀመጣል። ሥራውም ኬሞካይን የሚባሉትን የብግነት መልእክተኞች መያዝና መጠናቸውን ማስተካከል ነው። ሁለት የተለመዱ ዓይነቶች አሉት፤ ዳፊ ኤ እና ዳፊ ቢ። ልዩነታቸው የአንድ አሚኖ አሲድ ብቻ ነው።

ብዙ አፍሪካውያን ላይ የሚታየው ለውጥ ያለው ፕሮቲኑ በተጻፈበት ክፍል ላይ አይደለም። ከእሱ ቀደም ብሎ፣ ዘረመሉ መቼና የት እንደሚሠራ በሚያዝዘው ክፍል ላይ አንድ የዲኤንኤ ፊደል ተለውጧል። ያ ቦታ ቀይ የደም ሕዋስ በሚያመርተው የመቅኔ ሕዋስ ውስጥ እንደ ማብሪያ የሚያገለግል ነው። በአንድ ቤት ውስጥ የአንዱ ክፍል ማብሪያ ተበላሽቶ የሌሎቹ ክፍሎች መብራት እንደሚበራ ያስቡት። ቀይ የደም ሕዋሱ ላይ ዳፊ አይኖርም፤ በደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ግን ይኖራል። እንዲህ ያለው ሰው «ዳፊ ኔጌቲቭ» ይባላል።

ዳፊ ኔጌቲቭ ለመሆን ለውጡ ከእናትም ከአባትም መወረስ አለበት። ከአንዱ ወላጅ ብቻ የወረሰ ሰው ተሸካሚ ነው፤ ቀይ የደም ሕዋሱ ላይ ዳፊ ይኖረዋል። ሁለት ተሸካሚዎች ልጅ ቢወልዱ እያንዳንዱ ልጅ ዳፊ ኔጌቲቭ የመሆን ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። በምዕራብ አፍሪካ ሕዝቡ ከሞላ ጎደል ሁሉም ዳፊ ኔጌቲቭ ነው። በኢትዮጵያ ግን ሁለቱም ይገኛሉ፤ በአንድ ቤት ውስጥ አንዱ ወንድም ዳፊ ኔጌቲቭ፣ ሌላው ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ኢትዮጵያዊ ስለሆንኩ ነው» ብሎ መደምደም አይቻልም፤ መመርመር ያስፈልጋል።

ከወባ ጋር ያለው ታሪክ

ይህ ለውጥ በአፍሪካ እንዲህ የተስፋፋበት ምክንያት ከወባ ጋር የተያያዘ ነው። ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ተውሳክ ወደ ቀይ የደም ሕዋስ የሚገባው የዳፊን ግላይኮፕሮቲን ይዞ ነው። ዳፊ ኔጌቲቭ ሰዎች ይህን ወባ እንደሚቋቋሙ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ነበር። በምዕራብ አፍሪካ የቫይቫክስ ወባ እምብዛም የማይታየው፣ በኢትዮጵያ ግን ከፋልሲፓረም ጎን ለጎን በብዛት የሚገኘው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው።

ለረጅም ጊዜ ዳፊ ኔጌቲቭ ሰው በቫይቫክስ ፈጽሞ አይያዝም ተብሎ ይታመን ነበር። ዛሬ እንዲያ አይባልም። በማዳጋስካር፣ በኢትዮጵያና በሌሎችም የአፍሪካ አገሮች ዳፊ ኔጌቲቭ ሆነው በቫይቫክስ የታመሙ ሰዎች ተገኝተዋል፤ ቁጥራቸው ግን ከሌላው ሰው ያነሰ ነው፣ በደማቸው ውስጥ የሚገኘው ተውሳክም ብዙ ጊዜ አነስተኛ ነው። ይበልጥ አደገኛ የሆነውን ፋልሲፓረምን በተመለከተ ዳፊ ኔጌቲቭ መሆን መከላከያ አይሆንም፤ ያ ተውሳክ የሚገባው በሌሎች በሮች ነው። ከእነዚህም መካከል ግላይኮፎሪን የሚባሉ ሌሎች የቀይ የደም ሕዋስ ግላይኮፕሮቲኖች ይገኙበታል። ስለዚህ ዳፊ ኔጌቲቭ መሆንዎን ቢያውቁም ወባ ባለበት አካባቢ አጎበርዎን አይተዉ፤ ትኩሳት ሲኖርም ይመርመሩ።

ኒውትሮፊል ለምን ይቀንሳል?

ኒውትሮፊል ባክቴሪያን ለመዋጋት ቀድሞ የሚደርስ የነጭ የደም ሕዋስ ዓይነት ነው። በአብዛኞቹ ላቦራቶሪዎች ዝቅተኛው ጤናማ መጠን በአንድ ማይክሮሊትር ደም 1,500 ተብሎ ተቀምጧል። ይህ ቁጥር የወጣው በአመዛኙ አውሮፓዊ የዘር ሐረግ ካላቸው ሰዎች ደም ነው። በአብዛኛው ዳፊ ፖዘቲቭ ከሆኑ ሰዎች የተወሰደው መለኪያ ዳፊ ኔጌቲቭ ለሆነው ሁሉ ሲሠራበት ኖሯል፤ ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ዳፊ ኔጌቲቭ ሰዎች በተለምዶ ከ1,000 እስከ 1,500 ባለው ክልል ውስጥ ሊገኙ ይችላሉ፤ አንዳንዴም ከ1,000 ትንሽ ዝቅ ይላል። ከዚህ በላይ የሆነ ቁጥር ያላቸውም ብዙ ናቸው። ከ500 በታች መውረድ ግን ከዳፊ ጋር የሚያያዝ ነገር አይደለምና ሌላ ምክንያት ሊፈለግለት ይገባል።

መቅኔያቸው ሕዋስ ማምረት አላቃተውም። ሲመረመር ጤናማ ነው፤ ኒውትሮፊልም በበቂ ሁኔታ ይሠራል። ተመራማሪዎች እንደሚያስረዱት ዳፊ የሌለው መቅኔ የሚያመርታቸው ኒውትሮፊሎች ባሕርያቸው በመጠኑ የተለየ ነው፤ ከደም ወጥተው ወደ ሰውነት ክፍሎች በቀላሉ ይገባሉ። ምርመራው የሚቆጥረው ደግሞ በዚያች ሰዓት በደም ሥር ውስጥ ያለውን ብቻ ነው። ገበያ የወጣውን ሰው ሳይቆጥሩ ቤት የቀረውን ብቻ ቆጥሮ «ቤተሰቡ አነስተኛ ነው» እንደ ማለት ነው። ኢንፌክሽን ሲመጣ ቁጥሩ ይጨምራል፤ እነዚህ ሰዎች ከሌላው ይልቅ በተደጋጋሚ ወይም በከፋ ሁኔታ በኢንፌክሽን አይጠቁም።

ይህ ሁኔታ ቀደም ሲል «ቤናይን ኤትኒክ ኒውትሮፔኒያ» ይባል ነበር፤ በእስራኤል በየመን አይሁዶችና በቤተ እስራኤላውያን ላይም የታወቀ ነው። አሁን ብዙ ሐኪሞች ያን ስም ትተው «ከዳፊ አለመኖር ጋር የተያያዘ የኒውትሮፊል ቁጥር» የሚለውን መርጠዋል። የመጀመሪያው ስም ጤናማ የሆነን ነገር የበሽታ ስም ሰጥቶ በዘር ላይ ያላክከዋል፤ ሁለተኛው ግን ትክክለኛውን ምክንያት ይናገራል።

ውጤትዎን እንዴት ያነባሉ?

በሲቢሲ (ሙሉ የደም ቆጠራ) ወረቀት ላይ ኒውትሮፊል አንዳንዴ በመቶኛ ብቻ ይጻፋል። ዋናው ግን መቶኛው ሳይሆን ትክክለኛው ቁጥር ነው። አጠቃላይ የነጭ የደም ሕዋስ ቁጥርን በኒውትሮፊል መቶኛ አባዝተው ለ100 ያካፍሉ። ለምሳሌ ነጭ የደም ሕዋስ 3,200፣ ኒውትሮፊል 40 በመቶ ከሆነ ቁጥሩ 1,280 ነው። መሣሪያው በሺህ የሚጽፍ ከሆነ 1.28 ተብሎ ይታያል፤ ያው ነው። የቆዩ ውጤቶችን አይጣሉ። ከአምስት ዓመት በፊትም፣ ዛሬም 1,200 አካባቢ የሆነ ቁጥር ከ4,000 በድንገት ወደ 1,200 ከወረደ ቁጥር ጋር ፈጽሞ አንድ አይደለም።

ቁጥሩ ሕክምናን ሲያስቀር

ትልቁ ጉዳት የሚደርሰው ሌላ ሕመም ሲኖር ነው። አንዳንድ መድኃኒቶች ነጭ የደም ሕዋስን ሊቀንሱ ስለሚችሉ በየጊዜው ደም እየታየ ይሰጣሉ። ቁጥሩ ከተወሰነ መጠን በታች ከሆነ መድኃኒቱ አይጀመርም ወይም ይቋረጣል።

ክሎዛፒን ጥሩ ምሳሌ ነው። ሌሎች መድኃኒቶች ላልሠሩለት የስኪዞፍሬኒያ ታካሚ ብዙ ጊዜ ከሁሉ የተሻለው ይኸው ነው። በአሜሪካ የነበረው መመሪያ ለመጀመር ቢያንስ 2,000 ኒውትሮፊል ይጠይቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በተፈጥሮ ዝቅተኛ ቁጥር ላላቸው ሰዎች የተለየ መለኪያ አወጣ፤ ለእነሱ 1,000 ከሆነ መጀመር ይቻላል፤ የሚቋረጠውም ከ500 በታች ሲወርድ ነው። ልጃቸው ወይም እህታቸው «ቁጥሩ አልደረሰም» ተብለው ክሎዛፒን የተከለከሉባቸው ቤተሰቦች ስለ ዳፊ ምርመራ መጠየቅ አለባቸው።

በካንሰር ሕክምናም እንዲሁ ነው። የኬሞቴራፒ ቀጠሮ ሲደርስ ቁጥሩ ዝቅ ካለ መድኃኒቱ ለሌላ ሳምንት ይተላለፋል ወይም መጠኑ ይቀነሳል፤ ብዙ የአዳዲስ መድኃኒት ጥናቶችም ከ1,500 በታች የሆነን ሰው አይቀበሉም። ለሉፐስ፣ ለአንጀት ብግነትና ለመሳሰሉት የሚሰጠው አዛታዮፕሪንም በዚሁ ምክንያት ይቋረጣል። ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት የተለመደው ቁጥርዎ ስንት እንደነበረ በካርድዎ ላይ ከተጻፈ ሐኪሙ የሚያነጻጽርበት ነገር ያገኛል። ሆኖም መጠኑን የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ «የእኔ ተፈጥሮ ነው» ብለው በራስዎ መድኃኒት አይቀጥሉ፣ አያቋርጡም።

አንድ ነገር በጥብቅ ይያዙ። በኬሞቴራፒ ላይ ያለ ሰው ትኩሳት ከመጣበት፣ ዳፊ ኔጌቲቭ ሆነም አልሆነ፣ ሌሊትም ቢሆን ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል መሄድ አለበት።

መቼ ነው ሌላ ምክንያት የሚፈለገው?

ዳፊ ኔጌቲቭ መሆን ከሌላ በሽታ አያድንም። ኤች አይ ቪ፣ የጉበት ቫይረሶች፣ የቫይታሚን ቢ12 ወይም የፎሌት እጥረት፣ ሉፐስ፣ የደም ካንሰርና የተለያዩ መድኃኒቶች (ለምሳሌ ለእንቅርት የሚሰጡት ካርቢማዞልና ፒቲዩ) ኒውትሮፊልን ይቀንሳሉ። በመተማ፣ በሁመራና በአካባቢው ለሠሩ ወይም ለኖሩ ሰዎች ካላዛር መታሰብ አለበት፤ የቆየ ትኩሳት፣ ክብደት መቀነስና የጣፊያ ማበጥ ምልክቶቹ ናቸው።

በተለይ ነጩ ብቻ ሳይሆን ሄሞግሎቢን ወይም ፕላትሌትም አብሮ ከቀነሰ፣ ቁጥሩ ከዚህ በፊት ጤናማ ሆኖ አሁን ከወረደ፣ ከ500 በታች ከሆነ፣ ወይም የአፍ ቁስል፣ ተደጋጋሚ የሳንባ ምችና የቆዳ እባጭ፣ የንፍፊት ማበጥ ወይም ሌሊት የሚያጠልቅ ላብ ካለ ነገሩን በዳፊ ላይ ማላከክ ስህተት ነው። ሕፃን ልጅ ላይ ከተወለደ ጀምሮ ከባድ ኢንፌክሽን ከተደጋገመም እንዲሁ።

ካርቢማዞል ወይም ፒቲዩ እየወሰዱ የጉሮሮ ሕመምና ትኩሳት ከመጣብዎ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ደምዎን ያሳዩ።

ምርመራው እንዴት ነው?

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በደም ባንክ ላቦራቶሪ የሚሠራ የዳፊ ኤና የዳፊ ቢ ምርመራ ነው፤ ሁለቱም ኔጌቲቭ ከሆኑ ሰውየው ዳፊ ኔጌቲቭ ነው። ትንሽ ደም ብቻ ይበቃዋል፤ ከመቅኔ ናሙና ጋር ሲነጻጸር ምንም ማለት አይደለም። ሁለተኛው የዘረመል ምርመራ ነው። ባለፉት ሦስት ወራት ደም ወስደው ከሆነ የመጀመሪያው ሊያሳስት ይችላል፤ የለጋሹ ሕዋስ ገና በደምዎ ውስጥ አለና ይህን አስቀድመው ይንገሩ። ምርመራው በሁሉም ቦታ አይገኝም። ካልተገኘ፣ ጤነኛ በሆነ ሰው ላይ በተለያዩ ወራት የተሠሩ ተመሳሳይ ውጤቶች፣ የሌሎቹ የደም ሕዋሳት ደህና መሆንና በወላጅ ወይም በወንድም እህት ላይ የሚታይ ተመሳሳይ ቁጥር ለሐኪሙ ጥሩ ፍንጭ ይሆናሉ።

ደም ለመውሰድና ለእርግዝና

ዳፊ ኤ የሌለው ሰው ዳፊ ኤ ያለበት ደም ሲሰጠው ፀረ እንግዳ አካል ሊያዘጋጅ ይችላል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ደም ሲወስድ ቀይ ሕዋሱ ሊፈርስ ይችላል። እርጉዝ ሴት ላይ ይህ ፀረ እንግዳ አካል በእንግዴ ልጅ በኩል አልፎ የፅንሱን ደም ሊያጠፋ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ የማይከሰት ቢሆንም ከዚህ በፊት በተደጋጋሚ ደም የወሰደች እናት በክትትል ጊዜ መናገር አለባት። በአፍሪካውያን ላይ በሚታየው ለውጥ ዳፊ ኔጌቲቭ የሆኑ ሰዎች በዳፊ ቢ ላይ ግን በአብዛኛው ፀረ እንግዳ አካል አያዘጋጁም። ምክንያቱም ከላይ እንዳየነው በደም ሥሮቻቸው ግድግዳ ላይ ዳፊ ቢ ስላለ ሰውነታቸው ያውቀዋል። ዳፊ ኔጌቲቭ ሰው ደም መለገስ ይችላል፤ ለማጭድ ሕዋስ ታካሚዎችና በተደጋጋሚ ደም ለሚወስዱ ደሙ ተፈላጊ ነው።

ለሐኪምዎ ምን ይበሉ?

በሚቀጥለው ቀጠሮ የቆዩ ውጤቶችን ይዘው ይሂዱና እንዲህ ብለው መጠየቅ ይችላሉ፦ «ኒውትሮፊሌ ለዓመታት በዚሁ መጠን ላይ ነው፤ የዳፊ ምርመራ ቢታይልኝ?» ዳፊ ኔጌቲቭ ሆነው ከተገኙ ውጤቱና የተለመደው ቁጥርዎ በካርድዎ ላይ እንዲጻፍ ይጠይቁ፤ አንድ ቅጂም ለራስዎ ያስቀሩ። አገር ሲለውጡ፣ ሆስፒታል ሲቀይሩ ወይም ለቀዶ ሕክምና ሲዘጋጁ ያሳዩት። ወንድሞችዎና እህቶችዎም ተመሳሳይ ውጤት ሊኖራቸው ስለሚችል ይንገሯቸው።